ያለ ፍሪጅ 3 ሳምንት ባሕር ላይ፦ ውሃውንና ምግቡን እንዴት ትይዙታላችሁ?

ነፋስ_ጠባቂ (ክሩን የከፈተ)

ሰላም ለሁላችሁ። እዚህ ቤት እየገባሁ አንብቤ ድምፄን ሳላሰማ የምወጣ ሰው ነኝ። ዛሬ ግን መጠየቅ ግድ ሆነብኝ።

3 ሆነን በ10 ሜትር የሸራ ጀልባ አትላንቲክን ልናቋርጥ ነው። ከካናሪ ደሴቶች ወደ ካሪቢያን፣ 2,700 የባሕር ማይል ገደማ። ነፋሱ ከተባበረ 3 ሳምንት ነው ይላሉ። ካኮረፈ ደግሞ እሱ ያውቃል። እኔ፣ ባለቤቴና አንድ ጓደኛችን ነን። እስከ ዛሬ ረጅሙ ጉዟችን 4 ቀን ብቻ ነበር።

ፍሪጅ የለንም። ማለቴ፣ ነበረን። ባትሪውን እየመጠጠ ስላስመረረን ነቅለን አወጣነውና ቦታው ለድንች ተሰጠ።

ጥያቄዬ ሦስት ነው። ታንከራችን 200 ሊትር ይይዛል፤ ይበቃናል? እንቁላልና አትክልት ያለ ቅዝቃዜ እስከ ስንተኛው ቀን ይዘልቃል? ሦስተኛው የባለቤቴ ነው፦ "ከ10ኛው ቀን በኋላ ከቆርቆሮ ምግብ ሌላ ምን ልንበላ ነው?" ከቆርቆሮ ጋር የቆየ ጸብ አላት።

ጨው_የጠጣ

ወንድሜ፣ እንኳን ጠየቅክ። እንቁላሉን ከእኔ የተሻለ የሚያውቁት አሉ፤ እኔ ውሃው ላይ ልቁም። "200 ሊትር በአንድ ታንከር" ያልከው ሁለቴ አስደንግጦኛል። አንዴ በመጠኑ፣ አንዴ ታንከሩ አንድ በመሆኑ።

መጠኑን እንየው። ለመጠጥና ለማብሰያ ብቻ ለአንድ ሰው በቀን 3 ሊትር ያዝ። ሙቀቱ ሲበረታ 4 ይሆናል። ለ3 ሰው በ3 ሊትር ስታሰላው 9 ሊትር ነው። 200ውን ለ9 አካፍለው፤ ገና በ22ኛው ቀን ታንከሩ ባዶውን ያፏጫል። እኔ ደግሞ በምጠብቀው ቀን ላይ ግማሹን ሳልጨምር ወጥቼ አላውቅም። ምሰሶ ይሰበራል፣ ነፋስ ይጠፋል። 21 ቀን ከገመትክ ለ32 ቀን ጫን። 288 ሊትር ማለት ነው።

የአንዱ ታንከር ነገር ግን ይብሳል። የራሴን ልንገርህ። ባሕር በገባን በ9ኛው ቀን ጠዋት ሻይ አፈላሁ። ፉት አልኩት፤ ጨው ጨው አለኝ። ሌሊት ተረኛ ስለነበርኩ፣ በእንቅልፍ ልቤ በስኳር ፈንታ ጨው ጨምሬ ነው አልኩና ደፋሁት። ድጋሚ አፈላሁ። አሁን ስኳሩን ቀምሼ ጨመርኩ። ያው ነው። ከቧንቧው በመዳፌ ቀድቼ ቀመስኩ። ጉልበቴ ከዳኝ።

ለካ ላይኛው ወለል ላይ ያለው የውሃ መሙያ ክዳን ጎማው ተሰንጥቋል። ማዕበል ወለሉን ባጠበ ቁጥር ጠብ ጠብ እያለ ሲገባ ከርሟል። 150 ሊትር ውሃ፣ በአንዲት ቀለበት በምታህል ጎማ! ከመነሳታችን በፊት ብቀይራት 2 ደቂቃ አትፈጅብኝም ነበር። ያተረፉን 5 ጀሪካኖች ናቸው።

ስለዚህ ታንከሩን ሙላ፤ ከዚያ ባለ 20 ሊትር 8 ጀሪካን ጨምር። እስከ አፉ አትሙላው። ትንሽ አየር ከተውክለት ባሕር ውስጥ ቢወድቅ ይንሳፈፋል። ሁለቱን ከነፍስ አድን ጀልባው አጠገብ እሰራቸው። የኤሌክትሪክ የውሃ ፓምፕ ካለህ ደግሞ ባሕር ላይ አጥፋው። የሆነ ቦታ ቧንቧ ቢላቀቅ፣ አንተ ተኝተህ ፓምፑ ሥራዬ ብሎ ታንከሩን በሙሉ ወለል ሥር ይገለብጥልሃል። በእግር የሚረገጠው ይሻላል። እግር ሲደክም እጅ መቆጠብ ይለምዳል።

አሮጌ_መልህቅ

የታንከሩ ነገር ትልልቆቹንም አልማረም። ሮቢን ኖክስ-ጆንስተን እ.ኤ.አ. በ1968 ብቻውን ሳያርፍ ዓለምን ሊዞር ወጣ። 312 ቀን ፈጀበት። መንገድ ላይ የውሃ ታንከሮቹ ተበላሹበትና የዝናብ ውሃ እያጠራቀመ ነው የጨረሰው።

ነፍስ አድን ጀልባው ጋ 2 ጀሪካን ይታሰር የተባለውንም አትለፉት። ስቲቨን ካላሃን እ.ኤ.አ. በ1982 እናንተ በምትሄዱበት መንገድ ላይ ነው ጀልባው የሰጠመችበት። ከካናሪ ወጥቶ ሳምንት እንኳ ሳይሞላው። 76 ቀን በጎማ ጀልባ ሲንሳፈፍ ውሃ ያገኝ የነበረው በፀሐይ ሙቀት የባሕር ውሃ ከሚያተን መሣሪያ ነው። መሣሪያው ደህና ሲሠራ እንኳ በቀን ከግማሽ ሊትር ብዙም አያልፍም ነበር። አንድ ጀሪካን ማለት ለእንዲህ ያለ ሰው የ40 ቀን ምርት ነው።

ዘንበል_ያለ_ኩሽና

እኔ እንግዲህ የምግቡን ልውሰድ። ረዘም ይላል፤ ሻይ ይዛችሁ ተቀመጡ (ከታንከር ሳይሆን ከጀሪካን)።

እንቁላል። ዋናው ጥያቄ ከማን ትገዛላችሁ ነው። ያልታጠበና ፍሪጅ ገብቶ የማያውቅ መሆን አለበት። እንቁላል ሲጣል በላዩ ስስ ሽፋን አለው፤ የቅርፊቱን ቀዳዳዎች የሚደፍነው እሱ ነው። ሲታጠብ ይሄዳል። ቀዝቅዞ የወጣ እንቁላል ደግሞ ያልበዋል፤ ላቡ ቆሻሻውን ይዞ ወደ ውስጥ ይገባል። ደህናውን ካገኛችሁ እያንዳንዱን በእጃችሁ ቫዝሊን ቀቡት። ለ90 እንቁላል ግማሽ ቀን ይፈጃል። አሰልቺ ነው፤ ጣታችሁም እስከ ማታ ይንሸራተታል። ግን ከወር በላይ ያቆይላችኋል። ከዚያ በ2 ቀን አንዴ ሣጥኑን ከነእንቁላሉ ገልብጡት። አስኳሉ አንድ ቦታ ተኝቶ ከቅርፊቱ እንዳይጣበቅ ነው።

ስትጠቀሙ አንድ አንዱን በኩባያ ስበሩ፤ ቀጥታ መጥበሻ ላይ አይሆንም። አንድ የተበላሸ እንቁላል ከ5 ደህና እንቁላል ጋር የተቀላቀለ ቀን ትረዱኛላችሁ። ውሃ ውስጥ ከቶ ማየቱም ይሠራል፤ የሰጠመ ደህና ነው፣ ቀጥ ብሎ የቆመ ቶሎ ይበላ፣ የተንሳፈፈ ይጣል። በባሕር ውሃ ግን አትሞክሩት። ባሕር ውሃ ከባድ ስለሆነ ገና የሚበላውንም ወደ ላይ ያነሳዋል። እኔ በዚህ 4 ደህና እንቁላል ወርውሬያለሁ።

ጥቅል ጎመን። ባሕር ላይ ከዚህ የሚበልጥ ወዳጅ የላችሁም። ጠንከር ያለውን፣ የላይኛው ቅጠሉ ያልተነቀለውን ምረጡ። በቢላ ለሁለት አትክፈሉት። ከላይ ቅጠል በቅጠል በእጅ እየላጣችሁ ተጠቀሙ፤ የተቆረጠ ፊት ካላገኘ መበስበስ አይጀምርም። ሳምንታት ይቆያል። የላይኛው ቅጠል ቢጠቁርም አትደንግጡ፤ ሥሩ ሌላ ነጭ ጎመን አለ።

ድንችና ሽንኩርት አይጎራበቱ። ሁለቱም አየር ይፈልጋሉ፤ ድንች ግን ጨለማም ይፈልጋል። ብርሃን ካገኘው አረንጓዴ ይሆናል፤ አረንጓዴ የሆነው ደግሞ መርዝነት አለው። ዱባ ሙሉውን ከሆነ ወራት ይቆያል፤ ከከፈታችሁት ግን በ2 ቀን ጨርሱት። ካሮት ሳይታጠብ ይሻላል። ቲማቲም አረንጓዴውን፣ ቢጫውንና ቀዩን ቀላቅላችሁ ግዙ፤ በተራ ይደርሳል። ብርቱካንና ሎሚ አንድ አንዱን በወረቀት ጠቅልሉ። አንዱ ሲሻግት ጎረቤቱን አይነካም። ፖም ከማንም ጋር አይደባለቅ፤ የሚያወጣው ጋዝ ሌላውን ሁሉ ቶሎ ያበስላል።

ከዚህ ሁሉ በላይ ግን ዕቃውን ማየት ነው። እኔ በየ2 ቀኑ፣ ጠዋት፣ እያንዳንዱን መረብ አውርጄ ድንቹን አንድ በአንድ እጨብጠዋለሁ። የለሰለሰ ካለ ለምሳ ይሆናል። ሰው "ምሳ ምን አለ?" ሲለኝ የምመልሰው የዚያን ዕለት ሊበላሽ የደረሰውን ነው። ሜኑ የሚባል ነገር የለኝም።

ወይ ካርቶን! ረስቼው ነበር። ካርቶን ጀልባ ውስጥ አይግባ። የበረሮ እንቁላል እጥፋቱ ውስጥ ይመጣል። ሁሉንም ወደብ ላይ አራግፋችሁ፣ በክዳን ዕቃ ገልብጣችሁ ግቡ። ቆሻሻም ይቀንስላችኋል፤ ፕላስቲክ ባሕር ላይ መጣል የትም ቢሆን ክልክል ነውና ያስገባችሁትን ሁሉ ይዛችሁ ነው የምትወጡት። ዱቄቱን የሰው ፍሪዘር ካገኛችሁ ከመነሳታችሁ በፊት 4 ቀን አቀዝቅዙት፤ የነቀዝ እንቁላል ካለበት ይሞታል። ቅጠል ጣል አድርጉበት የሚሉም አሉ። እኔ ነቀዝ በቅጠል ሲሸሽ አላየሁም።

ሞገድ12

ሙዙን ማንም አልነገራችሁም? አንድ ሙሉ ዘለላ ገዝተን ከኋላ አንጠለጠልን። ፎቶ ተነሳን። 5 ቀን ድንጋይ ሆኖ ቆየ። 6ኛው ቀን ሁሉም በአንድ ላይ በሰለ። ሙዝ ጠዋት፣ ሙዝ ቀን፣ የተጠበሰ ሙዝ፣ የሙዝ ዳቦ። 8ኛው ቀን ላይ ሙዝ የሚለውን ቃል መናገር ተከለከለ።

ነፋስ_ጠባቂ

ኧረ በጣም አመሰግናለሁ! ባለቤቴ የጎመኑን ነገር ስትሰማ ፊቷ ፈካ። ጋሽ ጨው_የጠጣ፣ ክዳኑን ዛሬውኑ ሄጄ አየሁት። ጎማው ደርቆ እንደ ሸክላ ሆኗል። ሳልቀይር አልመጣሁም።

አንድ ነገር ልጨምር። ጓደኛችን ፕሬዠር ኩከር (የግፊት ድስት) ሰጥቶናል። ማታ ሠርታችሁ ሳትከፍቱት ካደረ ጠዋት ትበሉታላችሁ፣ እንደ ፍሪጅ ነው ብሎናል። እውነት ነው?

ጨው_የጠጣ

እውነት ነው። 15 ዓመት ሠርቼበታለሁ። ካፈላህ በኋላ ክዳኑን አትንካ። ጠዋት እንደገና አንተክትከው፣ ብላ። አንድም ቀን ሆዴን አላመመኝም። ሌላም ጥቅም አለው። ውሃም ጋዝም ይቆጥባል፤ ማዕበል ከምድጃው ላይ ቢወረውረው እንኳ ክዳኑ ስለተቆለፈ ትኩስ ወጥ እግርህ ላይ አይደፋም።

ነርስ_ነበርኩ

ጋሼ፣ አይቆጡኝና እዚህ ላይ አልስማማም። ድስቱ ጥሩ ነው፣ ስለ ውሃና ጋዙ ያሉትም ልክ ነው። እንደ ፍሪጅ ነው የሚለው ግን ሰው ሆስፒታል ያስገባል፤ ያውም ሆስፒታሉ 1,000 ማይል ርቆ።

ምክንያቴን ልናገር። ባክቴሪያ በደንብ የሚራባው ከ5 እስከ 60 ዲግሪ ባለው ሙቀት ነው። ድስቱ ሌሊቱን በሙሉ እዚያው ውስጥ ነው የሚያድረው። "ዝግ ነው" ይባላል። ሲበርድ ግን ውስጡ ያለው እንፋሎት ውሃ ይሆንና ግፊቱ ይወርዳል፤ ያኔ በቫልቩ በኩል ከውጭ አየር ይስባል። ያ አየር ንጹሕ አይደለም። ሩዝ ካለበት ይብሳል። ሩዝ ላይ ያለ አንድ ዓይነት ባክቴሪያ ዘሩ በመፍላት አይሞትም፤ ሲያድር የሚያወጣው መርዝም ጠዋት ቢፈላ አይጠፋም። ስለዚህ "እንደገና አንተክትከው" ሁልጊዜ አያድንም።

ሥጋ በጠርሙስ አሽጋችሁ ልትይዙ ካሰባችሁም እንዲሁ። ሥጋና አትክልት በተራ የፈላ ውሃ ቀቅሎ ማሸግ አይሆንም። ቦቱሊዝም የሚባለውን ገዳይ የምግብ መመረዝ የሚያመጣው ባክቴሪያ ዘሩ 100 ዲግሪን ይችለዋል፣ አየር የሌለበትን ጠርሙስ ደግሞ ይወደዋል። ለማሸግ ተብሎ በተሠራ ትልቅ የግፊት ድስት፣ በተጻፈለት ደቂቃ ልክ ብቻ ነው የሚሠራው። ትንሿ የቤት ድስት አትሆንም፤ ቶሎ ሞቃ ቶሎ ስለምትበርድ ጠርሙሱ ውስጥ ሙቀቱ በቂ ጊዜ አይቆይም። ያበጠ ቆርቆሮ ካገኛችሁ ደግሞ ሳትቀምሱ ጣሉ። መቅመስ አይደለም፣ ማሽተትም ይቅር።

የኔ ምክር አሰልቺ ነው፦ ለአንድ ጊዜ የሚበቃችሁን ብቻ ሥሩ። ሌሊት ተረኛ የሚበላው ትኩስ ነገር ከፈለገ ማታ የፈላውን ወዲያው በቴርሞስ አድርጉለት። በደንብ ቀድሞ የሞቀ ቴርሞስ ከ60 በላይ ለጥቂት ሰዓት ይይዛል።

ጨው_የጠጣ

ልጄ፣ አልተቆጣሁም። ያልገባኝ 15 ዓመት እንዴት እንደተረፍኩ ነው።

ነርስ_ነበርኩ

ሩዝ አይወዱም መሰለኝ።

ጨው_የጠጣ

በእርግጥ አልወድም።

ዝናብ_አጥማጁ

ወደ ውሃው ልመልሳችሁ። ስለ ዝናብ ማንም አላነሳም።

1 ሚሊ ሜትር ዝናብ 1 ካሬ ሜትር ላይ ሲወርድ 1 ሊትር ነው። 2 ሜትር በ2 ሜትር የሆነ የጥላ ሸራ ካላችሁ፣ 10 ሚሊ ሜትር የጣለ ደመና 40 ሊትር ይሰጣችኋል። ሸራው መሃሉ ላይ ቀዳዳና ቱቦ ይኑረው። የጥላ ሸራ ለመዘርጋት ነፋሱ ካስቸገረ ዋናውን ሸራ ተጠቀሙ። ሸራውን ከሥር የያዘውን አግድም ምሰሶ ጫፉን ትንሽ ከፍ አድርጉት፤ ሸራው ላይ የወረደው ውሃ በምሰሶው በኩል ወደ ፊት ይንደረደራል። እዚያ ባልዲ ይጠብቀዋል።

የመጀመሪያውን 5 ደቂቃ አትጠጡት። ሸራው ሳምንት ሙሉ ጨው ሲለብስ የከረመ ነው። በዚያ ልብስ እጠቡ። ከዚያ ቅመሱ፤ ጨዉ ሲጠፋ ወደ ጀሪካን። በፍጹም ቀጥታ ወደ ታንከር እንዳይገባ! ታንከሩ ያለውን ንጹሕ ውሃ በአንድ መጥፎ ባልዲ አታበላሹ።

ለታንከሩ ውሃ በረኪና ተጠቀሙ። ሽታና ቀለም ያልተጨመረበት፣ 6 በመቶ የሚል ከሆነ ለ1 ሊትር 2 ጠብታ ነው። ለ200 ሊትር 20 ሚሊ ሊትር ይመጣል። 30 ደቂቃ ጠብቁ። አሮጌ በረኪና ኃይሉን ያጣል፣ ስለዚህ አዲስ ግዙ።

አሁን ጨው የሚያጣራ ማሽን የሚሸጥላችሁ ይመጣል። ጥሩ ነገር ነው፣ ካለ አልጠላም። ግን የባሕር ውሃን በ55 ባር ግፊት የሚገፋ ማሽን ነው። ፓምፑ ቢበላሽ፣ ኤሌክትሪኩ ቢጠፋ በቃ። ወደብ ውስጥ ዘይት ካገኘው ሜምብሬኑ (ጨዉን የሚያጣራው ስስ ሽፋን) ይሞታል። ክሎሪንም ይገድለዋል፤ እንግዲህ በረኪና ባለበት የታንከር ውሃ እናጥበው ብላችሁ እንዳትጨርሱት። በእጅ የሚገፋው ትንሹ ደግሞ በሰዓት 1 ሊትር አይሞላም። ነፍስ አድን ጀልባ ውስጥ ወርቅ ነው፤ ለሩዝ ማብሰያ ግን ትከሻችሁን ይጨርሰዋል። ማሽን ቢኖራችሁም ያለ ማሽን እንደምትሄዱ አድርጋችሁ ውሃ ጫኑ።

ዘንበል_ያለ_ኩሽና

ባሕሩ ራሱ ለኩሽና ይጠቅማል ባይ ነኝ። ከወደብ ርቃችሁ ከገባችሁ በኋላ ፓስታና ድንች ስትቀቅሉ አንድ እጅ የባሕር ውሃ፣ 3 እጅ ታንከር። ጨው መጨመር አያስፈልግም። ዳቦ ስታቦኩም ጨዉን በባሕር ውሃ ተኩ። ዕቃ በባሕር ውሃ ይታጠባል፤ መጨረሻ ላይ በመርጫ ጠርሙስ ጨዋማ ያልሆነ ውሃ ፍስስ ማድረግ ይበቃል። ካላፈሰሳችሁለት ጨዉ እርጥበት እየሳበ ሳህኑ አይደርቅም።

መጠጣት ግን በጭራሽ። 1 ሊትር የባሕር ውሃ 35 ግራም ገደማ ጨው አለው። ኩላሊት ያንን ጨው ለማውጣት ከጠጣችሁት የበለጠ ውሃ ይወስዳል።

ለባለቤትህም መልስ አለኝ፣ ነፋስ_ጠባቂ። በቆልት! ምስር ወይም ማሾ ማታ ይዘፈዘፋል፣ ጠዋት ውሃው ይፈሳል፣ በቀን ሁለቴ ይታጠባል። ከ3 እስከ 5 ቀን ውስጥ ነጭ ጭራ አውጥቶ ይቆማል። ያጠባችሁበትን ውሃ አትድፉ፣ ወጥ ውስጥ ይገባል። በ18ኛው ቀን ኮሽ የሚል ነገር አፍ ውስጥ ሲገባ እንዴት ደስ እንደሚል ልነግራችሁ አልችልም። እኔ ለደቂቃ ያህል ነካ አድርጌ አበስለዋለሁ፤ ነርሷ ሳትናገረኝ።

ነርስ_ነበርኩ

ልናገር ነበር። ጥሬው በቆልት ሆድ ያበላሻል።

አሮጌ_መልህቅ

በቆልት ሲነሳ ስከርቪ (በቫይታሚን ሲ እጥረት የሚመጣው የመርከበኞች በሽታ) ማለታችሁ አይቀርም ብዬ ልቅደም። ጄምስ ሊንድ እ.ኤ.አ. በ1747 ሳልስበሪ በተባለች መርከብ ላይ 12 በሽተኞችን ሁለት ሁለት አድርጎ ለያይቶ ሞከረ። ብርቱካንና ሎሚ የደረሳቸው ሁለቱ በ6 ቀን ተሻላቸው፤ ፍራፍሬውም ያኔ አለቀ። የእንግሊዝ ባሕር ኃይል የሎሚ ጭማቂ ለሁሉም መርከብ ለመስጠት እስከ 1795 ድረስ ቆየ። ወደ 50 ዓመት! ቢሮክራሲ ያኔም ነበር።

ለእናንተ ግን አያሳስብም። ስከርቪ ቫይታሚን ሲ ጨርሶ ሳይበላ ከ1 እስከ 3 ወር ይፈልጋል። በ25 ቀን ከጎመን ጋር አትታመሙም።

ሞገድ12

ዓሣ ታጠምዱ ይሆናል። እንግዲህ የኔን ስሙ። ጠዋት 4 ሰዓት ላይ ቱና ያዝን፣ ትልቅ። ግማሹን ምሳ በላን። ግማሹን በእርጥብ ጨርቅ ጠቅልለን ጥላ ውስጥ አስቀመጥን። ማታ በደንብ፣ በጣም በደንብ ጠበስነው። ሽታው ደህና ነበር። ምላሴን ትንሽ እንደ ቃሪያ ነከስ አደረገኝ፤ ቅመሙ ነው ብዬ አለፍኩ። በ30 ደቂቃ ፊቴ ቀላ። ልቤ ይመታል፣ ራሴ ሊፈነዳ ነው። ወዳጄ ደግሞ ከእኔ ባሰ። ሁለታችንም ልንሞት ነው ብለን ተያየን።

ነርስ_ነበርኩ

የሂስታሚን መመረዝ ነው። ቱና፣ ማኬሬልና ማሂ ማሂ ላይ የታወቀ ነው። ዓሣው ሙቀት ላይ ሲቆይ ባክቴሪያ ሥጋው ውስጥ ሂስታሚን ይሠራል፣ መጥበስ ደግሞ አያጠፋውም። የነከሰህ ቅመም አልነበረም። የአለርጂ መድኃኒት ይረዳል፤ መተንፈስ ካስቸገረ ግን በሬዲዮ ሐኪም ፈልጉ። ዓሣ እንደተያዘ ደሙን አፍስሱ፣ ሆዱን አውጡ፣ ወዲያው ብሉ። የተረፈው ለባሕር። ትልቅ ዓሣ የሚይዝ መንጠቆ ለ3 ሰው አትጣሉ።

አንድ ነገር ጨምሬ ልሂድ። የመጀመሪያዎቹ 3 ቀናት ማንም ምግብ መሥራት አይፈልግም፤ ባሕር ያጥወለውላል። እሳት የማይነካው ነገር አዘጋጁ። የሚያስመልስ ሰው ካለ 1 ሊትር ንጹሕ ውሃ፣ 6 የሻይ ማንኪያ ስኳር፣ ግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨው፤ ልክ ልኩን፣ ሳይከመር። በትንሽ በትንሹ ይጠጣ።

ነፋስ_ጠባቂ

ሰዎች፣ ደረስን! 25 ቀን ፈጀብን። 4 ቀን ሙሉ ነፋስ አጥተን ሸራው ሲርገበገብ ነበር። ሪፖርቴን ላቅርብ።

ውሃ። በታንከርና በ8 ጀሪካን 360 ሊትር ጫንን። በመጀመሪያው ሳምንት በቀን 11 ሊትር ጨረስን። ደነገጥኩ። ከዚያ ለእያንዳንዳችን በስማችን ጠርሙስ ሰጠሁ፤ ማታ ማታ ያለቀውን ደብተር ላይ መጻፍ ጀመርን። በማግስቱ 8 ሆነ፣ ከዚያ 7 ተኩል ላይ ረጋ። ማንም ጠምቶት አያውቅም፤ ያ 3 ሊትር ተኩል የት ይሄድ እንደነበር እስካሁን አልገባኝም። ባለቤቴ ጥርሴን ስቦርሽ ነው ትላለች። በቀሪው 18 ቀን ውስጥ ዝናብ 2 ጊዜ ጣለ፤ ለገላ አዋልነው። ሳሙና የተቀባ ሰው ላይ ዝናቡ ድንገት ሲያቆም ምን እንደሚመስል ጓደኛችንን ጠይቁት። 148 ሊትር ተርፎን ገባን።

እንቁላል። 90 ይዘን ወጣን። 3 ተሰበረ፣ 1 ሸተተ። ቫዝሊኑ ይሠራል።

ድንች። እዚህ ወደቅን። 11ኛው ቀን ላይ የሆነ ሽታ መጣ። የሞተ ነገር ያለ መሰለን፤ ሽንት ቤቱን ፈታን፣ ወለሉን አነሳን። ለካ መረቡ ውስጥ ከታች ያሉ 2 ድንቾች ፈሳሽ ሆነዋል። እጄን ስሰድ ጣቴ ውስጡ ገባ። እኔ የድንቹን ተራ 2 ጊዜ ዘልዬው ነበር፣ ዘንበል_ያለ_ኩሽና፤ ይቅርታ። በእሱ ምክንያት ሌላ 9 ድንች ጣልን።

ቆርቆሮ። ወረቀቱ ሲረጥብ ተላጦ ከጀልባዋ ወለል ሥር ውሃ የሚያስወጣውን ፓምፕ ይዘጋዋል ብለው አንድ ወደብ ላይ ያገኘናቸው አዛውንት ስለነገሩን ሁሉንም ላጥነው፤ ስሙን በማርከር ጻፍን። ጓደኛችን ግን ቦታ ለመቆጠብ ብሎ የመጀመሪያውን ፊደል ብቻ ጻፈ። ምን ችግር አለው አልን። 14ኛው ቀን፣ ማታ፣ ጀልባዋ እየተንገላታች፣ ቀይ ሽንኩርቱ ተቁላልቶ፣ "አ" የሚል ቆርቆሮ ከፍቼ ድስቱ ውስጥ ገለበጥኩት። አተር መስሎኝ ነው። አናናስ ነበር። ከነሽሮፑ።

በላነው። ምን ይደረጋል?

ዘንበል_ያለ_ኩሽና

ሆዴን ይዤ ነው ያነበብኩት! እንኳን በሰላም ገባችሁ። ጎመኑስ? ስንተኛው ቀን ላይ አለቀ?

ነፋስ_ጠባቂ

የቱ አለቀ? ባለቤቴ አሁን የመጨረሻውን እየላጠች ነው። ለእራት ነው አለች።